የሕክምና መሣሪያ ሙሉ ወጪ ይሰላ፤ ለሕዝብም ይታይ

ለሲዳማ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ጤና ቢሮ
ለሀዋሳ ከተማ አስተዳደር ጤና መምሪያ
በከተማችን ለሚገኙ የመንግሥት ሆስፒታሎች የሥራ አመራር ቦርዶች
ሀዋሳ

ጉዳዩ፦ የሕክምና መሣሪያ በግዥ ወይም በእርዳታ ከመግባቱ በፊት የአገልግሎት ዘመኑ ሙሉ ወጪ ተሰልቶ ይፋ እንዲደረግ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮ፣ የመምሪያና የቦርድ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ የሀዋሳ ነዋሪ የሆንኩ፣ በወጪ ሂሳብ ሙያ መጀመሪያ በልብስ ፋብሪካ፣ በኋላም በጤናው ዘርፍ የሠራሁ ባለሙያ ነኝ። በሁለቱም ቦታ የሙያው ጥያቄ አንድ ነው፤ የወጣው ገንዘብ ምን አስገኘ? አሠራሩ ግን በእጅጉ ይለያያል። ፋብሪካ ማሽን ሲገዛ ከማሽኑ መሸጫ ዋጋ ይልቅ፣ በዚያ ማሽን የሚመረተው እያንዳንዱ ልብስ ስንት እንደሚያስወጣ አስቀድሞ ያሰላል። በጤና ተቋማት የግዥ ሰነዶች ላይ በአብዛኛው ያየሁት የጨረታውን ዋጋ ብቻ ነው። ስለዚህ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ ከፍተኛ ዋጋ ያለው ማንኛውም የሕክምና መሣሪያ ወደ ተቋማችን ከመግባቱ በፊት፣ በአገልግሎት ዘመኑ ሁሉ የሚያስወጣው ወጪና በዚያ ወጪ የሚሰጠው አገልግሎት በአንድ ገጽ ተሰልቶ ይቅረብ፤ ገጹም ማንም ሰው ሊያየው በሚችልበት ቦታ ይለጠፍ።

ችግሩ ከየት እንደሚመነጭ ለማሳየት ከበጀት አመዳደባችን ልጀምር። መሣሪያው የሚገዛው በካፒታል በጀት ነው። ሪኤጀንቱ (በእያንዳንዱ ምርመራ የሚያልቀው ኬሚካል)፣ መለዋወጫው፣ የጥገና ውሉ፣ የባለሙያው ደመወዝና የጄኔሬተሩ ነዳጅ ደግሞ ከመደበኛ በጀት ወይም ከተቋሙ የውስጥ ገቢ ይከፈላሉ። ግዥውን የሚያጸድቀው ኮሚቴ የመጀመሪያውን ቁጥር ያያል፤ የቀሩት ቁጥሮች ከወራት በኋላ፣ በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ፣ በሌላ የሂሳብ መደብ፣ በትንንሽ ደረሰኞች ተበታትነው ይመጣሉ። መሣሪያው በሞዴል 19፣ ማለትም በንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ገቢ ሆኖ ርክክቡ ከተፈረመ በኋላ፣ ይህ መሣሪያ እስካሁን በድምሩ ስንት አስወጣን ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልስ የሚሰጥ አንድ መዝገብ ማግኘት ይቸግራል። በዚህ አሠራር ውስጥ አንድም ሰው ጥፋት ሳይፈጽም፣ ሁሉም በየድርሻው መፈረም ያለበትን እየፈረመ፣ ተቋሙ በመጨረሻ ብዙ የሚያስወጣውን መሣሪያ ዋጋው ዝቅተኛ ነው ተብሎ ሊገዛ ይችላል።

ነገሩን በቁጥር ላስረዳ። ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት የወሰድኳቸው ናቸው እንጂ የየትኛውም አቅራቢ ዋጋ አይደሉም። ለጉበት፣ ለኩላሊትና ለስኳር ምርመራ የሚያገለግል የኬሚስትሪ ማሽን ለመግዛት ጨረታ ወጥቶ ሁለት ተጫራቾች ቀረቡ እንበል። የመጀመሪያው ማሽኑን በ1.5 ሚሊዮን ብር ያቀርባል፤ ለአንድ ምርመራ የሚያስፈልገው ሪኤጀንት 120 ብር ነው። ሁለተኛው ለማሽኑ 2.4 ሚሊዮን ብር ይጠይቃል፤ የሪኤጀንቱ ዋጋ ግን ለአንድ ምርመራ 70 ብር ነው። ሁለቱም 7 ዓመት ያገለግላሉ፤ ሆስፒታሉም በዓመት 20,000 ምርመራ ይሠራል። በ7 ዓመት ውስጥ 140,000 ምርመራ ይሠራል ማለት ነው። የመጀመሪያው ማሽን ሪኤጀንት 16.8 ሚሊዮን ብር ይፈጃል፤ የማሽኑ ዋጋ ሲታከልበት 18.3 ሚሊዮን ብር ይሆናል። የሁለተኛው ሪኤጀንት 9.8 ሚሊዮን ብር ነው፤ ከማሽኑ ዋጋ ጋር 12.2 ሚሊዮን ብር ይደርሳል። የመጀመሪያው ለአንድ ምርመራ 131 ብር ገደማ ሲያስወጣ ሁለተኛው 87 ብር ገደማ ያስወጣል። ጨረታው በተከፈተበት ዕለት 900,000 ብር ያዳነ የመሰለው ተቋም ማሽኑ እስኪያረጅ ድረስ 6.1 ሚሊዮን ብር በትርፍ ይከፍላል። በሚመጡት ዓመታት የሚወጣ ብር ከዛሬው ብር ጋር እኩል ስለማይቆጠር ባለሙያዎች የወደፊቱን ወጪ በየዓመቱ በተወሰነ መቶኛ ይቀንሱታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ስሌቶች ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙት 3 በመቶ ነው። እዚህ ላይ ስሌቱን ላለማወሳሰብ ትቼዋለሁ፤ በ3 በመቶ ቢሰላም ግን የተሻለው ያው ሁለተኛው ማሽን ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነስቶ ውድ ማሽን ምንጊዜም ይሻላል ብሎ መደምደም ሌላ ስህተት ነው። የዋጋውን ልዩነት፣ ማለትም 900,000 ብርን፣ በሪኤጀንት ልዩነቱ በ50 ብር ብናካፍለው 18,000 ምርመራ እናገኛለን። በዓመት ከ2,570 ገደማ ያነሰ ምርመራ የሚሠራ ተቋም በመጀመሪያው ማሽን የበለጠ ይጠቀማል። በዓመት 2,000 ምርመራ ለሚሠራ አነስተኛ ሆስፒታል የመጀመሪያው ማሽን በ7 ዓመት 3.18 ሚሊዮን ብር፣ ሁለተኛው 3.38 ሚሊዮን ብር ያስወጣሉ። ስለዚህ ለሀዋሳ ሪፈራል ሆስፒታል የሚስማማው ማሽን በክልሉ ወረዳዎች ላለ አነስተኛ ሆስፒታል ላይስማማ ይችላል። ግዥ በማዕከል ተሰብስቦ ለሁሉም ተቋም አንድ ዓይነት መሣሪያ በሚገዛበት ጊዜ በጅምላ በመግዛት የሚገኘው ቅናሽ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ የመለዋወጫ አያያዝንም ያቀላል። ነገር ግን ቅናሹ ከዚህ የመጠን አለመጣጣም ከሚመጣው ወጪ መብለጡ በስሌት መረጋገጥ አለበት። ቁጥሩም ሩቅ አይደለም፤ እያንዳንዱ ተቋም በየወሩ በዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 (በጤና መረጃ ማሰባሰቢያ የኮምፒውተር ሥርዓት) ሪፖርት የሚያደርገው የአገልግሎት ብዛት ለዚህ ስሌት ጥሩ መነሻ ነው።

የውጭ ምንዛሪውን ጉዳይ ደግሞ ሁላችንም በቅርቡ ያየነው ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ቀደም ሲል 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሪኤጀንት ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። ከላይ በወሰድኩት ምሳሌ የሪኤጀንቱ ዋጋ በእጥፍ ቢጨምር የመጀመሪያው ማሽን የ7 ዓመት ወጪ ወደ 35.1 ሚሊዮን ብር፣ የሁለተኛው ወደ 22 ሚሊዮን ብር ያድጋል። 6.1 ሚሊዮን ብር የነበረው ልዩነት ከ13 ሚሊዮን ብር ይበልጣል። በግዥ ቀን በብር የሚከፈል አንድ ዋጋና ለዓመታት በምንዛሪ እየዋለለ የሚከፈል ዋጋ አንድ ዓይነት ሥጋት የላቸውም፤ የግምገማ ሠንጠረዡ ይህን የሚያሳይ አምድ ሊኖረው ይገባል። የከተማችን የኢንዱስትሪ ፓርክም ተመሳሳይ ትምህርት ሰጥቶናል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው ፓርክ ብዙዎቹ አምራቾች ወጪያቸውን ያሰሉት ምርታቸው ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንደሚገባ ታሳቢ አድርገው ነበር። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ያ ዕድል ሲቋረጥ መርፌውም፣ ጨርቁም፣ የሠራተኛው እጅም አልተለወጡም፤ ሂሳቡ ግን ተለወጠ፤ የብዙ ወጣቶች ሥራም ታወከ። ማንኛውም ስሌት ከመጽደቁ በፊት ዋና ዋና ታሳቢዎቹ ቢለወጡ ውጤቱ ምን ይሆናል ተብሎ መፈተን ያለበት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ከበደው ጉዳይ ልግባ፤ ተገዝቶ ስለቆመ መሣሪያ። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ከ16 አገሮች የተሰበሰበ የ112,040 መሣሪያዎችን መዝገብ የመረመረ ጥናት 38.3 በመቶ የሚሆኑት አገልግሎት እንደማይሰጡ አሳይቷል። ዋና ዋና ምክንያቶቹም የሥልጠና ማነስ፣ የመሣሪያ አስተዳደር ድክመትና የመሠረተ ልማት ጉድለት ነበሩ። ሦስቱም በጨረታ ዋጋ ውስጥ አይታዩም። የኃይል መዋዠቅ ባለበት ቦታ ያለ ስታቢላይዘርና ያለ ዩ.ፒ.ኤስ. (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) የተተከለ ማሽን የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ ይቃጠላል፤ የሠለጠነው ላቦራቶሪ ባለሙያ ሲዛወር ተተኪው ማሽኑን ለመንካት ይፈራል፤ የዋስትና ጊዜው ሲያልፍ መለዋወጫው ከአንድ አቅራቢ ብቻ ይገኛል፣ ዋጋውንም የሚወስነው እሱ ብቻ ይሆናል። እኔ ራሴ በማውቀው አንድ ተቋም፣ ሪኤጀንቱን ማንም በወጉ ሊያቀርብለት ያልቻለ ማሽን ጨርቅ ተሸፍኖ ኮሪደር ላይ ቆሞ አይቻለሁ። በንብረት መዝገብ ላይ ግን ሙሉ ዋጋው እንደ ሀብት ተመዝግቦ ነበር። ይህን ሳስብ የሚያሳዝነኝ የብሩ ብቻ አይደለም፤ በዚያው ብር ሊገኝ ይችል የነበረው ምርመራ ቀርቶ፣ ሐኪሙ በግምት መድኃኒት ሲያዝ የኖረበት ጊዜ ነው።

ፋብሪካ ውስጥ አንድ የስፌት ማሽን ሲቆም የቆመበት ደቂቃ ይመዘገባል። የመስመሩ ኃላፊ ቀኑ ሲያልቅ በስንት ሰው፣ ስንት ደቂቃ ሠርቶ፣ ስንት ሸሚዝ እንዳወጣና ስንት ደቂቃ በብልሽት እንደባከነ ሪፖርት ያቀርባል፤ መካኒኩም የሚገመገመው በዚያ ነው። ጥገና የሚደረገውም ማሽኑ ሲሰበር ብቻ አይደለም፤ በተያዘለት ቀን ዘይት ይቀየርለታል፣ የሚያልቀው ክፍል ከማለቁ በፊት ይተካል። አስተዳደሩ ይህን የሚያደርገው የቆመ ማሽን ዋጋ ስላለው ነው፤ ማሽኑ ቢሠራም ባይሠራም የተገዛበት ወጪ፣ የሕንፃው ኪራይና የሠራተኛው ደመወዝ እየተከፈለ ነው። በሆስፒታል የቆመ ማሽን ከዚህ የበለጠ ያስከፍላል፤ ይህ ወጪ ግን በተቋሙ መዝገብ ላይ ስለማይወድቅ አይታይም። የሚወድቀው በታካሚው ላይ ነው።

ከክልላችን ከዳዬ ከተማ የመጣች እናት የኩላሊት ምርመራ ታዞላት ማሽኑ ተበላሽቷል ስትባል፣ ለአስታማሚዋ የማደሪያ ወጪ ይጨመርባታል፤ በባጃጅ ወደ ግል ላቦራቶሪ ትሄዳለች፤ ከፍ ያለ ዋጋ ትከፍላለች፤ ውጤቱን ይዛ ስትመለስ ሐኪሙ ከተራው ወጥቶ ከሆነ በማግስቱ ትመጣለች። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ብትሆንም እነዚህን አብዛኞቹን ወጪዎች የምትሸፍነው ከኪሷ ነው። በአገራችን ከጠቅላላ የጤና ወጪ ውስጥ ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው ቤተሰቦች በሕክምና ጊዜ በቀጥታ ከኪሳቸው የሚከፍሉት መሆኑ በብሔራዊ የጤና ወጪ ጥናቶች የታወቀ ነው። ስሌቱ የማንን ወጪ ይቆጥራል የሚለው ጥያቄ ስለዚህ የሂሳብ ባለሙያ ዝርዝር ጉዳይ ሆኖ መታየት የለበትም። የተቋሙን ወጪ ብቻ የሚቆጥር ስሌት ያልተጠገነን ማሽን ቁጠባ አድርጎ ሊያሳየን ይችላል፤ ሪኤጀንት አልተገዛም፣ ነዳጅ አልነደደም፣ በጀት ተርፏል። የታካሚውን ጉዞ፣ ማደሪያና የባከነ የሥራ ቀን የሚጨምር ስሌት ግን ኪሳራውን ያወጣዋል።

ሀዋሳ ይህን ጥያቄ በሌላ መስክ በትክክል መልሳለች። ሐይቃችን ወንዝ የማይወጣው ሐይቅ ነው፤ የገባበት ቆሻሻ የሚሄድበት የለም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲሠራ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም፣ ወደ ውጭ ፈሳሽ የማይለቅ የማጣሪያ ሥርዓት ተተክሎለታል። ለፋብሪካው ብቻ ቢሰላ ይህ ማጣሪያ ተጨማሪ ወጪ ነው። ሂሳቡ ውስጥ የአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆችና በሐይቁ ዳር የሚኖረው ሰው ሲገቡ ግን ውሳኔው ትክክል ይሆናል። ለሐይቁ የተደረገው ለታካሚውም ይደረግ ነው የምለው።

ከመሣሪያ ግዥ ባሻገር የወጪና የውጤት ትንተና በአገራችን ጤና ፖሊሲ ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም። ጤና ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. የከለሰው የመሠረታዊ ጤና አገልግሎቶች ፓኬጅ 1,018 አገልግሎቶችን ሲይዝ፣ ቅደም ተከተል የተሰጣቸው በሰባት መመዘኛዎች ነው፤ የበሽታው ጫና፣ የወጪ ውጤታማነት፣ ፍትሐዊነት፣ ቤተሰብን ከድህነት መጠበቅ፣ የበጀት ጫና፣ የሕዝብ ተቀባይነትና የፖለቲካ ተቀባይነት። ስሌቱ የሚመዝነው በሕመምና ያለ ዕድሜ በሚመጣ ሞት የሚታጡ ጤናማ የሕይወት ዓመታትን ነው፤ ይህ መለኪያ በዓለም ባንክ የ1993 እ.ኤ.አ. ሪፖርት አማካይነት በሰፊው ታውቋል። ሁለት አማራጮች ሲነጻጸሩ ጥያቄው ውድ የሆነው ስንት ያስወጣል የሚለው ብቻ አይደለም፤ ከርካሹ በላይ የሚያስወጣው ተጨማሪ ብር ስንት ተጨማሪ የጤና ዓመት ያስገኛል ተብሎ ይታያል። የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ጥሩ ምሳሌ ነው። አገራችን በ2011 ዓ.ም. ክትባቱን ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ስትጀምር መርሐ ግብሩ ሁለት ዶዝ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ለልጃገረዶች አንድ ዶዝም በአማራጭነት በቂ መከላከያ ሊሰጥ እንደሚችል ሲያሳውቅ፣ በአንዲት ልጅ ላይ ይወጣ በነበረው ዶዝ ሁለት ልጆችን መከተብ የሚቻልበት መንገድ ተከፈተ። እንዲህ ያለ ውሳኔ በሕክምና ማስረጃና በሂሳብ አብሮ መሥራት የሚገኝ ነው።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ እፈልጋለሁ። ሌሎች አገሮች የወሰኑትን ጣሪያ አንስቶ እኛ ላይ መጫን አይገባም። እንግሊዝ ለአንድ የተሟላ የጤና ዓመት ከ20,000 እስከ 30,000 ፓውንድ፣ ታይላንድ 160,000 ባህት መነሻ አድርገው ይሠሩ የነበረው በራሳቸው በጀት ነው። የአንድ አገር የነፍስ ወከፍ ምርት እስከ ሦስት እጥፍ የሚያስወጣ ሕክምና ሁሉ ተቀባይ ነው የሚለውን ልማድ የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ራሳቸው ለብቻው የውሳኔ ሕግ እንዳይሆን አስጠንቅቀዋል። ጣሪያው ከፍ ባለ ቁጥር ብዙ ነገር አዋጭ መስሎ ይታያል፤ የሀዋሳ በጀት ግን አይሰፋም። ከዚህ በተጨማሪ የስሌቱ ውጤት ብቻውን የሰውን ነፍስ እንዲመዝን አልፈልግም። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ውድ ነው ተብሎ ከሂሳቡ ሊሰረዝ አይችልም። ፓኬጁ ስድስት ሌሎች መመዘኛዎችን ከወጪ ጎን ያስቀመጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ የምጠይቀው ሰውን ለመተው የሚያገለግል ሂሳብ ሳይሆን፣ ሕክምናውን ለመስጠት ከወሰንን በኋላ ያለ ብክነት እንድንሰጠው የሚያስችል ሂሳብ ነው።

ኦክስጅንን እንውሰድ። 40 ሊትር የሚይዝ ትልቅ ሲሊንደር በ150 ባር ግፊት ሲሞላ ወደ 6,000 ሊትር ኦክስጅን ይይዛል። በደቂቃ 5 ሊትር ለሚወስድ ታካሚ 20 ሰዓት ያገለግላል፤ ከዚያ መሙያ ጣቢያ ሄዶ መመለስ አለበት። በደቂቃ 5 ሊትር የሚያመነጭ ኮንሰንትሬተር (ኦክስጅንን ከአየር የሚለይ ማሽን) 350 ዋት ገደማ የሚወስድ ከሆነ በእነዚያው 20 ሰዓታት 7 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈጃል። የሲሊንደሩን መሙያ፣ የመኪናውን ነዳጅ፣ የሚያወርዱትን ሰዎች ጉልበትና ሲሊንደሩ መንገድ ላይ ሳለ ታካሚው የሚጠብቀውን ጊዜ ከዚህ ጋር ያነጻጸረ ሰው፣ ኮንሰንትሬተር ለብዙ ክፍሎች የሚሻል መሆኑን ይረዳል። መብራት ሲጠፋ ግን ኮንሰንትሬተሩ ይቆማል፤ ማጣሪያው ካልታጠበና የሚወጣው የኦክስጅን ንጽሕና ካልተለካ ደግሞ እየሠራ ያለ እየመሰለ ታካሚውን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ መልሱ ብዙውን ጊዜ ሁለቱን ማጣመር ነው፤ የዘወትሩን በኮንሰንትሬተር፣ መጠባበቂያውን በሲሊንደር። ምን ያህሉ ከዚህ፣ ምን ያህሉ ከዚያ የሚለው የሚወሰነው ግን በየተቋሙ የመብራት መቋረጥ መዝገብ ነው። ያ መዝገብ ከሌለ የትኛውም ባለሙያ ከግምት የተሻለ መልስ መስጠት አይችልም። የሳንባ ምች ይዞት የሚያቃስት ሕፃን ባለበት ክፍል ውስጥ በግምት መሥራት ለማንም አይመኙለትም።

በእርዳታ ስለሚመጣ መሣሪያም እንዲሁ ነው። ነፃ የተባለ መሣሪያ ከጉምሩክ ይወጣል፣ ይጓጓዛል፣ ይተከላል፣ ይሠለጠንበታል፣ ሪኤጀንት ይበላል፣ በመጨረሻም ይወገዳል፤ እነዚህን ሁሉ የሚከፍለው ተቀባዩ ነው። አቅራቢው ማሽኑን በተቋሙ አስቀምጦ ሪኤጀንት ብቻ የሚሸጥበት ውል ደግሞ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ጥገናው በአቅራቢው ላይ ስለሚሆን ለተቋሙ የተሻለ ሊሆን ይችላል። መታየት ያለበት ለአንድ ምርመራ የሚከፈለው ዋጋ፣ ተቋሙ በዓመት ለመግዛት የሚገደደው ዝቅተኛ መጠንና ማሽኑ ከስንት ሰዓት በላይ ቢቆም አቅራቢው የሚቀጣው ቅጣት ነው። ስለ ኮምፒውተር ሥርዓቶች ብዙ አልልም። የታካሚ መዝገብን ወደ ኮምፒውተር ማዛወር ከሶፍትዌሩ ዋጋ በላይ ኔትወርክ፣ ሥልጠና፣ የባለሙያ መልቀቅና በየጊዜው መሣሪያ መተካትን ይጠይቃል፤ ያው ገጽ ለእነሱም ይሠራል።

ሦስት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ አውቃለሁ። የመጀመሪያው፣ ሕጉ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን እንድንመርጥ ያስገድደናል የሚለው ነው። የፌዴራሉ የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001፣ በኋላ በአዲስ አዋጅ ቢተካም፣ ከመርሆዎቹ ቀዳሚ አድርጎ ያስቀመጠው ለወጣው የመንግሥት ገንዘብ ተመጣጣኝ ጥቅም መገኘቱን ነበር፤ ዝቅተኛ የሚባለውም በጨረታ ሰነዱ በተቀመጡ መመዘኛዎች ተገምግሞ ዝቅተኛ ሆኖ የተገኘው ነው። የሪኤጀንት፣ የመለዋወጫና የጥገና ዋጋ ከመጀመሪያው በጨረታ ሰነዱ ላይ መመዘኛ ሆኖ ከተጻፈ ግምገማው ሕጋዊ ነው፤ ከጨረታው በኋላ ከተነሣ ግን ትክክለኛ ቅሬታ ያስነሣል። ሁለተኛው ተቃውሞ አቅራቢዎች የወደፊት ዋጋ አይሰጡም የሚለው ነው። ለ7 ዓመት ላይሰጡ ይችላሉ፤ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ዋጋና የዋጋ ማስተካከያ ቀመር እንዲያቀርቡ መጠየቅ ግን የተለመደ የንግድ ውል ነው። ሦስተኛው የባለሙያ እጥረት ነው፤ ይህ እውነት ነው። ለዚህም ነው አንድ ገጽ ብቻ የጠየቅሁት። ስሌቱን የባዮሜዲካል መሐንዲሱ፣ የላቦራቶሪ ኃላፊውና የፋይናንስ ባለሙያው በጋራ ተቀምጠው ሊሠሩት ይችላሉ፤ ሦስቱ ከተለያዩ ክፍሎች መጥተው አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጣቸው ብቻውን ብዙ ስህተት ያስቀራል።

በተግባር የምጠይቀው የሚከተለው ነው። ቢሮው ለኬሚስትሪ ማሽንና ለኦክስጅን አቅርቦት፣ በእነዚህ በሁለቱ ብቻ ጀምሮ፣ አንድ የስሌት ቅጽ ያዘጋጅ። ቅጹ የመሣሪያውን ዋጋ፣ የመትከያና የሥልጠና ወጪ፣ በዓመት የሚጠበቀውን የአገልግሎት ብዛት፣ ለአንድ አገልግሎት የሚፈጀውን ሪኤጀንት፣ የጥገናና የኃይል ወጪ፣ የሚያገለግልበትን ዓመትና የማስወገጃ ወጪውን ይያዝ። ምንዛሪው ቢጨምርና የታካሚው ቁጥር ቢቀንስ ውጤቱ ምን እንደሚሆን በሁለት ተጨማሪ ረድፎች ያሳይ። ቦርዶች ይህ ገጽ ያልተያያዘበትን የግዥ ጥያቄ አያጽድቁ። ከግዥው በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ ሆስፒታል መሣሪያዎቹ በወሩ ውስጥ ስንት ቀን እንደሠሩና ስንት ቀን እንደቆሙ፣ የቆሙበትም ምክንያት ምን እንደሆነ፣ ታካሚ በሚያየው ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ። የቆመበትን ቀን መለጠፍ ለኃላፊዎች እንደማይመች እረዳለሁ፤ ነገር ግን የጥገና በጀት ለመጠየቅ ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ የለም፤ ማሽኑ ቆሞ ወደ ውጭ የተላኩት ታካሚዎች ቁጥር ከገጹ ጋር ሲቀርብ የፋይናንስ ቢሮውም ለመከልከል ይቸገራል።

ቅጹን ለማዘጋጀትም ሆነ ባለሙያዎችን ለማለማመድ ያለ ክፍያ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ፤ በሂሳብና በምሕንድስና ሙያ ያሉ የማውቃቸው የከተማችን ልጆችም እንዲሁ። የሚቀጥለው በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ሥራ ላይ ስለሚውል የግዥ ዕቅዶች ለቦርድ ከመቅረባቸው በፊት ምላሻችሁን በጽሑፍ እንድታሳውቁን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሀዋሳ ነዋሪ፣ የወጪ ሂሳብ ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለሲዳማ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ፋይናንስ ቢሮ
ለሀዋሳ ከተማ ነዋሪዎች